በክት የበላ ድግስ አይደግስም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በሜይ ወር 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕንድና ፓኪስታን ለአራት ቀናት በአውሮፕላን፣ በሚሳይልና በመድፍ ሲዋጉ፣ በብዙ ሙስሊም ቤቶች ቴሌቪዥኑ ከመግሪብ ጀምሮ ሳይዘጋ ያመሽ ነበር። እንዲህ ባለ አንድ ቤት እንግዳ ሆኜ ተቀምጬ ሳለ፣ እራት ሊቀርብ ሲል፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አባቱን «አባዬ፣ ፓኪስታን ኑክሌር ቦምብ አላት አይደል? ታዲያ ለምን አትጥልባቸውም?» ሲል ጠየቀ። አባት ዝም አለ። እናት «በል ተነሥ፣ እጅህን ታጠብ» አለችው። እኔም የምለው ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። እራቱ ተበላ፤ ጥያቄው ግን ሳይመለስ ቀረ።

የልጅ ጥያቄ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ይሆናል። ነገር ግን ከጥያቄው ሥር ሁለት እምነቶች አሉ። አንደኛው፣ ያ ቦምብ «የኛ» ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የኛ የሆነ ነገር በጠላት ላይ ቢውል ነውር የለውም የሚል ነው። እነዚህን እምነቶች የያዙት ደግሞ ልጆች ብቻ አይደሉም። ብዙዎቻችን በቃል ባንናገረውም በልባችን አንድ የሙስሊም አገር ይህን መሣሪያ በመያዙ ኩራት ተሰምቶን ያውቃል። ውድ አንባቢ፣ ይህ ኩራት በእስልምና ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል ይመዝናል? ሊተኮስ በማይፈቀድ መሣሪያ መመካትስ ይቻላልን? ለመልሱ መጀመሪያ ነገሩን እንዳለ እንወቀው።

ቦምቡ «የኛ» የተባለው እንዴት ነው?

ታሪኩ ከአንድ ሽንፈት ይጀምራል። በዲሴምበር 1971 ፓኪስታን ከሕንድ ጋር ባደረገችው ጦርነት ተሸንፋ ምሥራቃዊ ክፍሏን አጣች፤ ባንግላዴሽ የተባለች አገርም ተመሠረተች። ከ90,000 በላይ ሰዎች ተማረኩባት። ዙልፊቃር ዓሊ ቡቶ ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ፣ በጃንዋሪ 1972፣ የአገራቸውን ሳይንቲስቶች ሙልታን ከተማ ላይ ሰብስበው ቦምቡን እንዲሠሩላቸው ጠየቁ። በሜይ 18 ቀን 1974 ሕንድ ፖክራን በተባለው በረሃ የመጀመሪያ ሙከራዋን ስታደርግ የፓኪስታን ጥድፊያ በረታ። ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በሜይ 11 እና 13 ቀን 1998፣ ሕንድ ሙከራዋን ደገመች። ፓኪስታንም በዚያው ወር በ28 እና በ30 በባሉቺስታን ምድር ከመሬት በታች ቦምቦቿን አፈነዳች። በሁለቱም አገሮች ሰዎች መንገድ ላይ ወጥተው ጣፋጭ ተዳደሉ። ፓኪስታን ሜይ 28ን «የውሙ ተክቢር»፣ ማለትም የተክቢር ቀን ብላ በየዓመቱ ታከብረዋለች። የመጀመሪያው ፍንዳታ የተደረገበት የቻጋይ ተራራ ምስልም ተሠርቶ በከተሞች አደባባይ ቆሞ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የ1971 ሽንፈት የመጣው በቦምብ እጦት አልነበረም። ከሽንፈቱ በፊት ሙስሊም ሠራዊት በሙስሊም የቤንጋል ሕዝብ ላይ ከማርች ወር ጀምሮ የፈጸመው ግፍ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር አቋርጦ የተሰደደው ከዚያ ግፍ ሸሽቶ ነው። ቁስሉ ዙልም ነበር፤ የተፈለገለት መድኃኒት ግን ዩራኒየም ሆነ። ማንም ሕዝብ ከሽንፈቱ ሊማር ሲገባው ከሽንፈቱ መበቀያ ብቻ ሲፈልግ እንዲህ ይሆናል።

ጦርነቱ በምን መንገድ ሊሄድ ይችላል?

ኑክሌር ከታጠቀ አገር ጋር የሚደረግ ጦርነት በድንገት ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ደረጃ አለው፤ በዚያ ደረጃ ላይ ያሉትን አብዛኞቹን እርምጃዎች ደግሞ በዓይናችን አይተናቸዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ ብዙውን ጊዜ የጥቂት ታጣቂዎች ሥራ ነው። በዲሴምበር 2001 በዴልሂ የሕንድ ፓርላማ ላይ ጥቂት ታጣቂዎች ጥቃት አደረሱ፤ በዚህ የተነሣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር በድንበሩ ግራና ቀኝ ለወራት ተፋጥጦ ከረመ። በኖቬምበር 2008 በሙምባይ ከ160 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በፌብሩዋሪ 2019 በካሽሚር ፑልዋማ 40 የጸጥታ ኃይል አባላት በአንድ የመኪና ቦምብ ሞቱ። በአፕሪል 22 ቀን 2025 ደግሞ በፓሃልጋም 26 ሰዎች ተገደሉ። አብዛኞቹ አገር ሊጎበኙ የመጡ ሂንዱዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ፈረስ እያከራየ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር የአካባቢው ሙስሊም ነበር። ሕንድ ከጥቃቱ ጀርባ ፓኪስታን አለች አለች፤ ፓኪስታን አስተባበለች።

ሁለተኛው እርምጃ የቅጣት ድብደባ ነው። ካሽሚር በ1947 አገሮቹ ሲለያዩ ጀምሮ ሳይድን የቆየ ቁስል በመሆኑ የካሽሚር ደም ሁልጊዜ መልስ ይጠራል። በ1999 የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቫጅፓዪ በፌብሩዋሪ በአውቶብስ ላሆር ገብተው የሰላም ስምምነት ተፈራርመው ነበር። በሜይ ግን ሁለቱ ኑክሌር የታጠቁ አገሮች በካርጊል ተራሮች ላይ ጦርነት ገጠሙ። በ2019 የሕንድ አውሮፕላኖች ከ1971 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከካሽሚር አልፈው ባላኮት አጠገብ ቦምብ ጣሉ። በ2025 ድብደባው እስከ ፑንጃብና እስከ ጦር አውሮፕላን ማረፊያዎች ዘለቀ፤ ፓኪስታንም በአጸፋው የሕንድን የጦር ሰፈሮች መታች። በፑንች ከተማ በመድፍ ከሞቱት መካከል ሙስሊም ሕፃናት ነበሩ። ተኩሱ ሜይ 10 ቀን በስምምነት ቆመ። ነገር ግን አስተውሉ፤ በየጊዜው መስመሩ ወደፊት ይገፋል። ትናንት «ይህን አይደፍሩም» የተባለው ዛሬ ይደፈራል።

ሦስተኛው እርምጃ፣ አላህ ይጠብቀንና፣ እስካሁን አልታየም። ላሆር ከድንበሩ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። የሕንድ ታንኮች ድንበሩን ጥሰው ወደዚያች ከተማ ቢገሰግሱ ምን ይሆናል? ፓኪስታን ለዚህ ቀን ብላ «ናስር» የተባለ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወነጨፍ፣ ኑክሌር ሊሸከም የሚችል አጭር ሚሳይል ሠርታ በ2011 ሞክራለች። ታንኮቹ ገብተው ከተገኙ ይህ መሣሪያ የሚወድቀው የት ነው? በፓኪስታን በራሷ መሬት ላይ፣ በፑንጃብ የስንዴ እርሻና አዛን በሚሰማባቸው መንደሮች ላይ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ «ይጣልባቸው» ያለው ቦምብ መጀመሪያ የሚያቃጥለው የገዛ ወገኑን ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አራተኛው እርምጃ ከዚያ ይከተላል። ሕንድ በ2003 ይፋ ባደረገችው መመሪያ ኑክሌር ቀድማ እንደማትጠቀም፣ ነገር ግን በምድሯ ወይም የትም ባለ ሠራዊቷ ላይ ከተተኮሰ መልሷ እጅግ ከባድ እንደሚሆን አስታውቃለች። ፓኪስታን ደግሞ ቀድሜ አልተኩስም የሚል ቃል ሰጥታ አታውቅም። ከዚህ በኋላ ተራው የከተሞች ነው። ስቶክሆልም የሚገኘው የሰላም ምርምር ተቋም በ2025 መጀመሪያ ሕንድ ወደ 180፣ ፓኪስታን ወደ 170 የሚሆኑ የኑክሌር ቦምቦች እንዳሏቸው ገምቷል። በኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ የወደቀው አንድ ቦምብ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ 140,000 የሚሆን ሰው ገደለ።

በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ላይ ደግሞ ስሕተት አለ። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2019፣ ውጥረቱ በጋለበት ሰዓት፣ ሕንድ የራሷን ሄሊኮፕተር የጠላት መስሏት መትታ ጣለች፤ የተሳፈሩት ስድስቱም ሰዎች፣ ምድር ላይ የነበረ አንድ ሲቪልም ሞቱ። በማርች 9 ቀን 2022 ደግሞ ማንም ሳያዝ አንድ የሕንድ ሚሳይል አምልጦ ፓኪስታን ውስጥ ሚያን ቻኑ አጠገብ ወደቀ። ፈንጂ አልተጫነበትም ነበርና፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ሰው አልሞተም። ያ ሚሳይል ያመለጠው በሰላሙ ቀን ባይሆን ኖሮስ? ከአንዱ አገር ተነሥቶ ሌላው ዘንድ ለመድረስ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ረከዓ ሶላት እንኳ በተረጋጋ ልብ አይሰገድም፤ የሚሊዮኖች ሕይወት ግን ይወሰንበታል።

ጭሱም በዚያ አይቆምም። በ2022 የታተመ አንድ የሳይንቲስቶች ጥናት በሁለቱ አገሮች መካከል ሙሉ የኑክሌር ጦርነት ቢነሣ ከከተሞቹ ቃጠሎ የሚነሣው ጥቀርሻ የፀሐይን ብርሃን ከልሎ፣ ሙቀትንና ዝናብን ቀንሶ፣ በዓለም ዙሪያ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ሰዎችን በረሃብ ሊፈጅ እንደሚችል አስልቷል። አንድ ክረምት ሲያጥር ምን እንደሚመጣ ለወሎ ሰው መንገር አያሻም። ካሽሚርን በካርታ ላይ አይቶ የማያውቅ የየጁ ገበሬ ልጅ የዚያ ጦርነት ሙት ሊሆን ይችላል።

ነገሩ በሸሪዓ ሚዛን

ፈትዋ መስጠት የዑለማኦች ድርሻ ነው። ይሁንና የዲናችን ግልጽ መሠረቶች ለማንም ሙስሊም አልተሰወሩም። አላህ (ሱ.ወ.) የሚዋጉንን እንድንዋጋ ሲፈቅድ በዚያው አንቀጽ ወሰን እንዳናልፍ ከልክሏል (አል-በቀራህ 2፡190)። ማንም ነፍስ የሌላውን ሸክም እንደማትሸከም ነግሮናል (አል-አንዓም 6፡164)። እንግዲህ በዴልሂ የሚኖር ሕፃን ጄኔራሎች በሠሩት ሥራ በየትኛው ሕግ ይቃጠላል? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻዎቻቸው በአንዱ አንዲት ሴት ተገድላ በተገኘች ጊዜ ድርጊቱን አውግዘው ሴቶችንና ሕፃናትን መግደልን መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህች ሴት ከሙሽሪኮች ወገን እንደነበረች ልብ እንበል። ክልከላው ለሙስሊም ሴትና ልጅ ብቻ የተሰጠ አይደለም። አቡበከር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ለሚዘምተው ሠራዊት ሲሰናበቱ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደል፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ለምግብ ካልሆነ በስተቀር በግና ግመል እንዳይታረድ ማዘዛቸው በሙወጠእ ተመዝግቦ ይገኛል። የፍሬ ዛፍ እንኳ ክብር የተሰጠው በዚህ ሕግ ውስጥ፣ አፈሩን ሳይቀር የሚመርዝ መሣሪያ መግቢያው የት ነው?

አላህ በቁርኣን አዝመራንና ዘርን ለማጥፋት በምድር ላይ የሚሮጥን ሰው ገልጾ፣ እርሱ ፈሳድን እንደማይወድ አስታውቋል (አል-በቀራህ 2፡205)። አዝመራና ዘር! የኑክሌር ቦምብ ከሚያደርገው ሁሉ ከዚህ ባጠረ ቃል የሚገለጽ አለን? በእሳት መቅጣት ደግሞ የአላህ ብቻ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የሕንድ አንዱ ሚሳይል ስሙ «አግኒ» ነው፤ በቋንቋቸው እሳት ማለት ነው። ፓኪስታን ደግሞ ሚሳይሎቿን በጥንት ዘመን ሕንድን በወረሩ ሙስሊም ነገሥታት ስም «ጎሪ»፣ «ገዝነዊ»፣ «ባቡር» ብላ ሰይማለች። ስሞቹ ይለያያሉ እንጂ እሳቱ አንድ ነው።

ስለ ሑደይቢያ የወረደ አንድ አንቀጽም አለ። አላህ በዚያ ዓመት የሙስሊሞችን እጅ ከመካ ሰዎች ላይ የያዘበትን አንዱን ምክንያት ሲገልጽ፣ በከተማይቱ ውስጥ ሙስሊሞች የማያውቋቸው አማኝ ወንዶችና ሴቶች እንደነበሩ፣ ሳያውቁ እንዳይረግጧቸውና በደል እንዳያገኛቸው መሆኑን ይነግረናል (አል-ፈትሕ 48፡25)። ለጥቂት ስውር አማኞች ሲባል አንድ ጦርነት ቆመ! ዛሬ በሕንድ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ ሙስሊሞች ይኖራሉ። የዴልሂ ጁምዓ መስጊድ በየሳምንቱ ይሞላል። እነዚህ ስውር አይደሉም፤ በስምም በቁጥርም የታወቁ ናቸው። «ይጣልባቸው» የሚል ሰው በነማን ላይ እንደሚለው ያውቃልን? እነርሱ ባይኖሩም ኖሮ ፍርዱ አይለወጥም፤ የሂንዱው ሕፃን ነፍስም አላህ ያከበራት ነፍስ ናትና። ነገር ግን ልባችን ለወገን ካላዘነ ለሌላው ያዝናል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

«ኃይልን አዘጋጁ» አልተባለምን?

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ በቅንነት ልናዳምጠውም ይገባል። «አላህ ለጠላት የተቻለንን ኃይል እንድናዘጋጅ፣ በርሱም ጠላቱን እንድናስፈራ አዞ የለምን? (አል-አንፋል 8፡60) ቦምቡ ሊተኮስ ሳይሆን ጠላት እንዳይተኩስ ነው። ከ1998 ወዲህ ፓኪስታን እንደ 1971 ተከፍላ አታውቅም። ኢራቅ ግን ይህ መሣሪያ ስላልነበራት በ2003 ተወረረች። ፉቀሃዎችስ ሰላማዊ ሰዎች ያሉበትን ምሽግ በመንጀኒቅ ድንጋይ መምታትን ፈቅደው የለምን? ጠላት ሲበድለንስ በበደለን ልክ መመለስ ተፈቅዶልናል።»

ይህ የሰነፍ ክርክር አይደለም። ማስፈራራት ጠላትን እንደሚያስታግስ እውነት ነው፤ አንቀጹም ይህንኑ ይናገራል። ነገር ግን ኃይልን ማዘጋጀት የታዘዘው ወሰን አትለፉ በተባለበት በዚያው ቁርኣን ውስጥ ነው። ከዚያው አንቀጽ ቀጥሎም፣ ጠላት ወደ ሰላም ካዘነበለ ወደ ሰላም እንድናዘነብል ታዘናል (8፡61)። አንዱን አንብቦ ሌላውን መዝለል አይገባም። መንጀኒቅም ቢሆን የሚወረወረው በምሽግ ግንብ ላይ ነው፤ የሚሞት ሲቪል ካለ ያልታሰበ ጉዳት ነው። ኑክሌር ከተማ ላይ ሲተኮስ ግን ኢላማው ከተማው ራሱ ነው። በልክ መመለስን የሚፈቅደው አንቀጽም (አን-ነሕል 16፡126) ትዕግሥት እንደሚሻል በመናገር ይፈጸማል። ሐምዛ (ረ.ዐ) በኡሑድ ሬሳቸው ከተጎሳቆለ በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትዕግሥትን መረጡ፤ የጠላትን ሬሳ ማጎሳቆልንም ከለከሉ። ጠላት ያደረገው ሁሉ ለኛ ሐላል አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የኒያው ነገር ነው። «ልናስፈራራ እንጂ ልንተኩስ አይደለም» ይባላል። ነገር ግን ማስፈራሪያው የሚሠራው ተኳሹ በእውነት ለመተኮስ ሲቆርጥ ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል ወጣት መኮንኖች ትእዛዝ ሲመጣ ሳያመነቱ ቁልፉን እንዲያዞሩ ይሠለጥናሉ። ሁለት ሙስሊሞች ሰይፍ ተማዘው ሲገናኙ ገዳዩም ሟቹም የእሳት መሆናቸውን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲናገሩ፣ ሶሐባዎች ስለ ሟቹ ጠየቁ። ምክንያቱ ሟቹም ጓደኛውን ለመግደል ቆርጦ ስለነበር መሆኑን መለሱላቸው። ሰይፉ አልነካም፤ ቁርጠኝነቱ ግን ተጻፈበት። ከተማን ከነሕፃናቱ ለማቃጠል ቆርጦ፣ ቁልፉን ይዞ በየሌሊቱ ተረኛ ሆኖ የሚያድር ወንድማችን ከአላህ ዘንድ ምን ይጻፍለታል? በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀመጥነው፣ ተክቢር እያልን ያጨበጨብንለት እኛ ነን።

የጭንቅ ሕግ

ታዲያ ፓኪስታን ነገ ጧት መሣሪያዋን ትጣል፣ ጎረቤቷ ግን እንደታጠቀች ትቆይ እንበልን? ይህን መናገር ከሩቅ ለተቀመጠ ሰው ቀላል ነው። አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ተቀምጦ የላሆርን እናት «አይዞሽ፣ ምንም አይመጣም» ማለት አይቻልም። በዚህ ምክንያት መሣሪያውን መያዝ በጭንቅ የመጣ፣ በዶሩራ የሚታይ ነገር ነው የሚሉ አሉ። እንበልና እሺ እንበላቸው። የዶሩራ ሕግ ግን ራሱን የቻለ አደብ አለው።

አላህ (ሱ.ወ.) በክትን፣ ደምንና የአሳማ ሥጋን ከከለከለ በኋላ፣ ለተጨነቀ ሰው፣ ፈላጊና ወሰን አላፊ ሳይሆን፣ ኃጢአት እንደሌለበት ተናግሯል (አል-በቀራህ 2፡173)። ሁለቱ ሁኔታዎች ይታዩ፤ አይመኘውም፤ ልኩንም አያልፍም። ፉቀሃዎቻችንም ከዚህ ተነሥተው ጭንቅ የሚፈቅደው በጭንቁ ልክ ብቻ እንደሆነ ደንግገዋል። በበረሃ መንገድ ጠፍቶት በረሃብ ሊሞት የደረሰ ሰው በክት ቢበላ ነፍሱን የምታቆይለትን ያህል ይበላል። እየበላም ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፤ ሐላል የሚያገኝበትን መንደር ይፈልጋል። ጎረቤት ጠርቶ ድግስ አይደግስም። ለልጁም «የኛ ኩራት ይህ ነው» ብሎ አያሳየውም። ቀኑን በየዓመቱ ቆጥሮ በዓል አያደርገውም።

ስሕተታችን እዚህ ላይ ይመስለኛል። መሣሪያውን ስለመያዝ ዑለማኦች ሊከራከሩ ይችላሉ። በከተማ ላይ ስለመተኮሱ ግን የሚያከራክር ነገር አይታየኝም። ድግሱስ? ድግሱን ማን ፈቀደው? «አላሁ አክበር» የምንለው ሶላት ስንከፍት፣ ከብት ስናርድ፣ ዒድ ሲገባ፣ ለተወለደ ሕፃን በጆሮው አዛን ስናደርግ ነው። ይህ ቃል ከአላህ በቀር ታላቅ የለም ማለት ሆኖ ሳለ ልብን በቦምብ ላይ ለማስደገፍ መዋሉ ከትርጉሙ ጋር ይጋጫል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ሊሆንም ይገባል። ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ታዘናል (አል-ማኢዳህ 5፡8)፤ ለሕዝብ ያለን ፍቅርም እንዲሁ ሊያወጣን አይገባም። በሂሮሺማና በናጋሳኪ የቦምቡን ግፍ የጀመረችው አሜሪካ ናት። ዛሬ መሣሪያውን ከያዙት ዘጠኝ አገሮች የሙስሊም አገር የሆነችው አንዲት ብቻ ናት። የሁሉም በክት በክት ነው። ነገር ግን የሌላው ሰው በክት መብላት የኛን ሐላል አያደርገውም፤ እኛ ደግሞ ሕጉ የተነገረን ሕዝብ ነን።

መንደሩን የፈለጉ

ከዚህ በረሃ መውጫ የለም የሚል ካለ ወደ ካዛክስታን ይመልከት። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም ነው። ሶቭየት ኅብረት ከ1949 እስከ 1989 ሰሚፓላቲንስክ በተባለው ምድሯ ላይ ከ450 በላይ የኑክሌር ሙከራዎች አድርጋለች፤ የእረኞቹና የገበሬዎቹ ልጆች እስከ ዛሬ በሽታውን ይሸከማሉ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ በቃን አለ፤ የሙከራ ጣቢያው በኦገስት 29 ቀን 1991 ተዘጋ። ሶቭየት ስትፈርስ ከአንድ ሺህ በላይ የኑክሌር ቦምቦች በዚያች አገር እጅ ቀሩ። ካዛክስታን «የሙስሊም ቦምብ» ብላ ልትመካባቸው ትችል ነበር። እርሷ ግን እስከ 1995 ሁሉንም አስረክባ ጨረሰች። አፍሪካውያንም በአፕሪል 1996 በካይሮ ተሰብስበው አህጉራችን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ እንድትሆን ተፈራረሙ፤ ስምምነቱ ከ2009 ጀምሮ ይሠራል። ደቡብ አፍሪካ ከዚያ ቀደም ብላ የሠራቻቸውን ቦምቦች በገዛ እጇ አፍርሳለች። የሁሉም ሁኔታ አንድ አይደለም፤ የካዛክስታን ጎረቤትም ሕንድ አልነበረችም። መንደሩ ግን አለ፤ የደረሱበትም አሉ። ካሽሚር የፍትሕ እልባት ካላገኘ፣ ለሕዝቧም ሐቁ ካልተሰጠ፣ ማንም በዚያ መንገድ ብዙ አይራመድም። ለዚህ ድምፅ ማሰማት ለቦምብ ከማጨብጨብ ይልቅ ለካሽሚር ሙስሊሞች ይጠቅማቸዋል።

አሁን ወደዚያ እራት እንመለስ። ልጁ እንደገና ቢጠይቀኝ እንዲህ እለው ነበር፤ ልጄ፣ የማይጥሉባቸው ስለሚፈሩ ነው፤ መፍራታቸውም መልካም ነው። አንተ ግን ፈሪ ስለሆንክ ሳይሆን ሙስሊም ስለሆንክ እንዳይጥሉ ትመኛለህ። እዚያ ማዶ ያንተን ዕድሜ የሚያህል ልጅ እራቱን ሊበላ እጁን እየታጠበ ነው። ስሙ አሕመድ ሊሆን ይችላል፤ ራቪም ሊሆን ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሁለቱንም እንዳንነካ አዘውናል። መጥፎ ሥራ አስቦ ለአላህ ብሎ የተወ ሰው መልካም ሥራ ይጻፍለታል፤ አንተም አሁን የተመኘኸውን ለአላህ ብለህ ተው።

አላህ ሆይ! በላሆርና በዴልሂ፣ በሙዘፈራባድና በስሪናጋር በዛሬው ሌሊት የሚተኙትን ሕፃናት በሰላም አንቃቸው። በመሪዎች ልብ ፍርሃትህን፣ በኛም ልብ እዝነትህን አኑር። አዝመራንና ዘርን ከፈሳድ ጠብቅ። አሚን። ወላሁ አዕለም።